ሽጉጡ ፕላስቲክ ሲሆን ብረቱ የት ቀረ?



በጥር 2013 የብሪታኒያ መከላከያ ሚኒስቴር አንድ ዜና አወጣ። ወታደሮቹ ከ40 ዓመት በላይ ሲታጠቁት የኖሩት ብራውኒንግ ሃይ-ፓወር የተባለው ሽጉጥ እንዲሰናበት ተወስኖ፣ በምትኩ ከ25,000 በላይ ግሎክ 17 ሽጉጦች በ9 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተገዙ። ለንግግሬ እነዚህን ሁለት ሽጉጦች የመረጥሁት አንዱ የአንዱን ቦታ በይፋ ስለ ተረከበ ነው። (የሀገራችንን አዋጅ ስጠቅስ ካልሆነ በቀር የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሮጌው ከላይ እስከ ታች አረብ ብረት ነው። ባዶውን አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የጥይት ካርታው 13 ጥይት ይይዛል። አዲሱ የላይኛው ግማሹ ብረት፣ እጅ የሚጨብጠው የታችኛው ግማሹ ፕላስቲክ ነው። ባዶ ካርታ ገብቶበት 700 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 17 ጥይት ይይዛል። የሚተኩሱት ጥይት ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ዘጠኝ ሚሊሜትር።

ስለ ብረቱና ስለ ፕላስቲኩ ሽጉጥ ክርክር ሲነሣ ብዙ ሰው የሚይዘው መስመር «የቱ ይጠነክራል» የሚለውን ነው። እኔ በዚህ መስመር ብዙ አልሄድም፤ ምክንያቱም መልሱ በሥራ ተፈትኖ ታውቋል። ሁለቱም ይጠነክራሉ። ለእኔ ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ፕላስቲኩ የተኩሱን አሠራር እምብዛም ሳይነካ፣ ሽጉጥን ማን ሊሠራው እንደሚችል፣ በምን ያህል ድካም፣ አደጋውስ በማን ጣት ላይ እንደሚወድቅ ለውጦታል። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንን ነው።

አስቀድሜ ሁሉም ሰው የሚጠይቀውን ልመልስ፤ ፕላስቲክ የባሩድን ኃይል እንዴት ይችላል?

ዘጠኝ ሚሊሜትር ጥይት ሲተኮስ በቀለሁ ውስጥ የሚቃጠለው ባሩድ የሚፈጥረው ጋዝ፣ ግፊቱ እኛ ከምንተነፍሰው አየር ግፊት እስከ 2,300 ጊዜ ሊበልጥ ይችላል። ይህን የሚሸከመው በርሜሉ፣ በተለይም ጥይቱ የሚጎርስበት የኋላ ክፍሉ፣ ከበላዩ ካለው ተንሸራታች ጋር ሆኖ ነው። ባሩዱ በሚነድበት ቅጽበት በርሜሉና ተንሸራታቹ እርስ በርስ ተቆልፈዋል። አረሩ ከአፈሙዙ እስኪወጣ ድረስ ሁለቱ ተያይዘው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ከዚያ የበርሜሉ ጭራ ዝቅ ይልና ቁልፉ ይፈታል። ተንሸራታቹ ብቻውን ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ባዶውን ቀለህ ጎትቶ ያወጣል፣ ይጥላል። ሞላው ወደ ፊት ሲመልሰው ደግሞ ከካርታው አፍ አዲስ ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል። ይህ ሁሉ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

የታችኛው አካል በዚህ መካከል ምን ይሠራል? ተንሸራታቹ የሚሄድበትን ሐዲድ ይይዛል፣ ምላጩንና ረዳቶቹን ያቅፋል፣ ካርታው የሚገባበት ቤት ይሆናል፣ ለተኳሹም መጨበጫ ይሰጣል። የጋዙ ግፊት በቀጥታ አይነካውም። ነገሩ ከቢላዋ ጋር ይመሳሰላል፤ ስለቱ ብረት መሆን አለበት፣ እጀታው ግን ከቀንድም ከእንጨትም ቢሠራ ሥጋውን የሚቆርጠው ስለቱ ነው። ስለዚህ «የፕላስቲክ ሽጉጥ» የምንለው ነገር ከክብደቱ አብዛኛው ዛሬም አረብ ብረት ነው። በርሜሉ፣ ተንሸራታቹ፣ ጥይቱን የሚወጋው መርፌ፣ ሞላው፣ ሌላው ቀርቶ በፕላስቲኩ ውስጥ ተቀብረው ሐዲድ የሚሆኑት አራት ትንንሽ ጥርሶች ብረት ናቸው።

ይህን የመቆለፊያ ዘዴ ያሰበው አሜሪካዊው ጆን ሞሰስ ብራውኒንግ ነው። በመጋቢት 1911 የአሜሪካ ጦር የተቀበለው ኮልት 1911 የእርሱ ሥራ ነው። ያን ሽጉጥ ከመቀበላቸው በፊት ያደረጉለት ፈተና ዛሬም ያስደንቀኛል። በሁለት ቀን ውስጥ በአንድ ሽጉጥ 6,000 ጥይት ተኮሱ፤ ሲግል ውኃ ውስጥ እየነከሩ ያቀዘቅዙት ነበር። አንድ ጊዜም አልነከሰም፤ ማለትም ጥይት ተቀርቅሮበት አልቆመም። ብራውኒንግ በ1926 ቤልጅየም ውስጥ በሥራ ላይ እያለ ሲሞት የሃይ-ፓወር ንድፍ ገና አላለቀም ነበር። ጨርሶ በ1935 ለገበያ ያበቃው የቤልጅየሙ ኤፍኤን ፋብሪካ መሐንዲስ ዲዩዶኔ ሴቭ ነው፤ ጥይቶቹ በሁለት ረድፍ ተሰባጥረው የሚደረደሩበት ሰፊ ካርታም የእርሱ ሐሳብ ነው። ግሎክ 17 ተፈትቶ ሲታይ የበርሜሉ ጭራ ዝቅ እያለ የሚፈታበት መንገድ ያው የብራውኒንግ መንገድ ነው፤ ጥይቱ የሚደረደረውም በሁለት ረድፍ ነው። አዲሱ የአሮጌው የልጅ ልጅ ነው ብል አላጋነንሁም።

ሃይ-ፓወር በወጣበት በዚያው በ1935 በአሜሪካ ዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ዋላስ ካሮተርስ የተባለ ኬሚስት ናይሎንን ሠራ። መጀመሪያ ለጥርስ ብሩሽ፣ ቀጥሎ ለሴቶች ስቶኪንግ ዋለ። ዛሬ ለሽጉጥ አካል የሚያገለግሉት ፕላስቲኮች፣ በሌላ ስማቸው ፖሊመሮች፣ አብዛኞቹ የዚሁ የናይሎን ቤተሰብ ናቸው፤ ፖሊአሚድ ይባላሉ፤ ብዙዎቹም የመስታወት ጭረት ተቀላቅሎባቸው ይጠነክራሉ። አንድ ሊትር የሚያህል አረብ ብረት 7.8 ኪሎ ይመዝናል፤ ያንኑ የሚያህል አሉሚኒየም 2.7፤ ፖሊአሚድ ግን ከ1.1 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። «ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይቀልጥም ወይ» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። አይቀልጥም። እንደ ዓይነቱ የሚቀልጠው ከ220 እስከ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። ብረት ደግሞ የራሱ ጠላት አለው። ላብና ጨዋማ አየር አረብ ብረትን ያዝጋሉ፤ በባሕር ዳርቻ ሙቀት ውስጥ ሽጉጥ ታጥቆ የሚውል ዘበኛ ይህን ያውቀዋል። ፖሊመር አይዝግም፤ በብርድ ሀገርም የእጅን ሙቀት አይነጥቅም።

በሁለቱ መካከል አሉሚኒየም እንዳለ አልዘነጋሁም። የአሜሪካ ጦር በ1985 ኮልት 1911ን በጣሊያኑ ቤሬታ ሲተካ የተቀበለው ሽጉጥ አካሉ አሉሚኒየም ነበር። ጥሩ ሽጉጥ ነው፤ ለዛሬው ጉዳያችን ግን መሸጋገሪያ ነውና አልፈዋለሁ።

ወደ ፖሊመር የተሻገረው የመጀመሪያው ፋብሪካ ግሎክ አይደለም። የጀርመኑ ሄክለር ኡንድ ኮኽ በ1970 ቪፒ70 የተባለ ባለ ፕላስቲክ አካል ሽጉጥ አውጥቶ ነበር፤ ካርታው 18 ጥይት ይይዝ ነበር። ምላጩ ግን ለመሳብ እጅግ ከባድ ሆነና ገበያው አልቀናውም። ሐሳቡ አሥር ዓመት ያህል ተኝቶ ቆየ።

ያነቃው ሰው ጋስቶን ግሎክ ነው። በ1929 ቪየና ተወለደ፤ በታኅሣሥ 2023 በ94 ዓመቱ ሞተ። ከቪየና ወጣ ባለችው በዶይች-ቫግራም ከብረትና ከፕላስቲክ ዕቃ የሚያመርት ድርጅት ነበረው። የመጋረጃ ዘንግ ይሠራል፤ ለጦሩም ቢላዋ ያቀርባል። ሽጉጥ ሠርቶ አያውቅም። በ1980 የኦስትሪያ ጦር በዓለም ጦርነት ዘመን የተነደፈውን ቫልተር ፒ38ን ለመተካት ጨረታ ሲያወጣ ያስቀመጠው የመመዘኛ ዝርዝር ግልጽ ነበር። ከ58 የማይበልጡ ክፍሎች ይኑሩት፤ ያለ መሣሪያ ይፈታ፤ ከሁለት ሜትር ከፍታ ብረት ላይ ሲወድቅ አይተኩስ፤ በ10,000 ጥይት ውስጥ ከ20 ጊዜ በላይ አይንከስ።

ግሎክ የሽጉጥ አዋቂዎችን ሰብስቦ ጠየቀ፣ ንድፉን አወጣ፤ በ1981 የፈጠራ መብት አመለከተ። አሥራ ሰባተኛው የፈጠራ መብቱ ስለ ነበር ስሙ 17 ሆነ። ክፍሎቹ 34 ብቻ ናቸው። የቤሬታን፣ የሲግንና የሄክለር ኡንድ ኮኽን ሽጉጦች አሸንፎ በ1982 ተመረጠ። ያሸነፈው ሽጉጥ ሠሪ ስላልነበረ ይመስለኛል። አሮጌዎቹ ፋብሪካዎች በብረት ፈልፋይነት የሠለጠኑ ሺህ ሠራተኞችና መቶ ማሽኖች ነበሯቸው፤ እጃቸው የለመደውን አሻሻሉ። እርሱ ግን የሚጥለው ነገር አልነበረውም። ፕላስቲክ ቅርጽ ማውጣትን ያውቅ ነበር፤ ከዚያ ተነሣ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። የሃይ-ፓወር አካል ሲሠራ መጀመሪያ የጋለ ብረት በከባድ መዶሻ ተቀጥቅጦ ሻካራ ቅርጽ ይይዛል። ከዚያ በማሽን ይፈለፈላል፣ ይቦረቦራል፣ ይሞረዳል፤ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው እየዞረ ብዙ ደረጃዎችን ያልፋል። ከተነሣንበት ብረት ብዙው ፍቅፋቂ ሆኖ ይወድቃል። ቶርኖ ቤት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ቀዳዳ በፀጉር ስፋት ቢስት ዕቃው ይጣላል። ባለ ሙያው ዓመታት ይለማመዳል፤ ደመወዙም በዚያው ልክ ነው።

የፖሊመሩ አካል ግን እንዲህ ይወለዳል። የብረት ጥርሶቹ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ማውጫው ይዘጋል፣ የቀለጠው ፖሊመር በከፍተኛ ግፊት ይገባል፣ ሲበርድ ማውጫው ይከፈታል፣ የተጠናቀቀ አካል ይወጣል። በሰከንዶች የሚቆጠር ሥራ ነው። ፍቅፋቂ የለም ማለት ይቻላል። ቅርጽ ማውጫውን መሥራት እጅግ ውድ ነው። ያ ወጪ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ግን መቶ ሺኛው አካል ከመጀመሪያው የበለጠ አያስወጣም። የፖሊመር ሽጉጥ ዓለምን የሞላው በዚህ የዋጋ ስሌት ነው፤ ቀላልነቱና አለመዛጉ ከኋላ የመጡ ምርቃቶች ናቸው።

መጨበጫውም ተለውጧል። በብረት ሽጉጥ ላይ ካርታው በብረት ግድግዳ ይከበባል፣ በግድግዳው ላይ ደግሞ ከግራና ከቀኝ የእንጨት ወይም የባኬላይት ንጣፍ በብሎን ይታሰራል። ፖሊመሩ ግድግዳም ንጣፍም ራሱ ነው። ስለዚህ 17 ጥይት ይዞም መጨበጫው አይወፍርም። ከዚህ ቀጥሎ በ1990ዎቹ አጋማሽ የጀርመኑ ቫልተር ፒ99 የመጨበጫውን ጀርባ በትንሽ፣ በመካከለኛና በትልቅ እየቀያየሩ ለእጅ ማስተካከልን አመጣ። እጃቸው ትንሽ ለሆነ ፖሊሶች፣ በተለይም ለሴቶች፣ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ለአንድ ዓይነት እጅ ብቻ የተፈለፈለ ብረት ሲጨብጡ ኖረዋልና።

ቅለት ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ የሚያስከፍለው በተኩሱ ጊዜ ነው። ስሌቱን አብረን እንሥራ። ስምንት ግራም አረር በሰከንድ 360 ሜትር ፍጥነት ይወጣል እንበል። ክብደቱ በፍጥነቱ ሲባዛ የምናገኘውን ያህል ሽጉጡ ወደ ኋላ መቀበል አለበት። አንድ ኪሎ የሚመዝን ሽጉጥ በሰከንድ 2.9 ሜትር ፍጥነት ወደ ኋላ ይገፋል፤ 700 ግራም የሚመዝነው በ4.1 ሜትር። ጉልበቱን ስናሰላ የመጀመሪያው 4.1 ጁል፣ ሁለተኛው 5.9 ጁል ይሆናል። የጋዙን ድርሻ ለማቅለል ትቼዋለሁ፤ ጥይት ሲሞላባቸውም ልዩነቱ ይጠብባል። ያም ሆኖ ቀላሉ ሽጉጥ የተኳሹን መዳፍ ከ40 በመቶ በላይ በሚበልጥ ጉልበት ይመታዋል ማለት ነው። ፖሊመሩ በምቱ ጊዜ ጥቂት ይለመጥና ስሜቱን ያለሰልሰዋል፤ የሂሳቡን ሕግ ግን አይሽረውም።

ብረት ያልሞተው በዚህ ምክንያት ነው። የተኩስ ስፖርት ተወዳዳሪዎች ሽጉጡን ቀኑን ሙሉ በወገባቸው ይዘው መዞር የለባቸውም። የሚፈልጉት ከአንዱ ተኩስ በኋላ ማነጣጠሪያው ቶሎ ወደ ቦታው እንዲመለስላቸው ነው። ለእነርሱ በ2016 የቼክ ፋብሪካ ሲዜድ ሻዶው 2 የተባለ ሽጉጥ አወጣ፤ ሙሉ ብረት፣ 1.3 ኪሎ የሚመዝን፣ ከሃይ-ፓወር እንኳ የሚከብድ። በውድድር ሜዳ ላይ በብዛት ከሚታዩት አንዱ ሆነ። ኤፍኤንም ሃይ-ፓወርን ማምረት ካቆመ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2022፣ በዚያው ስም አዲስ ባለ ብረት አካል ሽጉጥ ይዞ ተመለሰ። ቀኑን ሙሉ የሚታጠቀው ወታደርና ፖሊስ ቀላሉን መረጠ፤ ለአንድ ሰዓት የሚወዳደረው ከባዱን። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

አሁን ወደ ደኅንነት ልምጣ። ይህን ክፍል በተለይ ቤታቸው ሽጉጥ ያለባቸው ቢያዳምጡት እወዳለሁ።

አሮጌዎቹ ሽጉጦች ለሰው ስሕተት መከላከያ የሚያደርጉት በሚታይ ቁልፍ ነው። ኮልት 1911 መዶሻው ወደ ኋላ ተቀስሮ፣ በአውራ ጣት የሚነካ የደኅንነት ቁልፍ ተዘግቶበት ይያዛል። ቁልፉ ካልተከፈተ ምላጩ አይሠራም። በሀገራችን ብዙ ሰው የሚያውቀው ማካሮቭም ተመሳሳይ ነው። ሶቭየት ኅብረት በ1951 የተቀበለችው ይህ ባለ 8 ጥይት ሽጉጥ በተንሸራታቹ ላይ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ ሲዘጋ የተቀሰረውን መዶሻ ራሱ ያወርደዋል። የታጠቀው ሰው ሽጉጡን አይቶ መዶሻው የት እንዳለ፣ ቁልፉ ተዘግቶ እንደሆነ ያውቃል።

ግሎክ የሚታይ መዶሻ የለውም፤ በአውራ ጣት የሚከፈት ቁልፍም የለውም። መከላከያዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ምላጩ ሲሳብ በተራ ራሳቸው ይከፈታሉ። በምላጩ ፊት ላይ ትንሽ ምላስ አለች፤ እርሷ ካልተጫነች ምላጩ አይንቀሳቀስም። ሌላው መርፌውን የሚያግድ ጉልላት ነው፤ ሦስተኛው በመውደቅ ጊዜ የሚይዝ ነው። ለደነገጠ ሰው የሚረሳ ቁልፍ ስለሌለ ይህ አሠራር ለፖሊስ ተስማሚ ሆነ። ሥልጠናውም አጠረ። በሌላ በኩል ግን ምላጩ የተሳበ እንደሆነ የሚያስቆመው የለም። የልብስ ጫፍ ማኅደሩ ውስጥ ገብቶ ምላጩን ቢስበው ይተኮሳል። ደግሞም ግሎክን ለመፍታት ምላጩን መሳብ ግድ ነው። ካርታውን አውጥቶ በበርሜሉ ውስጥ ጥይት መጉረሱን ያልተመለከተ ሰው ሊያጸዳው ሲል ይተኩሳል። የኒው ዮርክ ፖሊስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ እነዚህ ሽጉጦች ሲሸጋገር ምላጩ ከ5 ኪሎ በላይ ጉልበት የሚጠይቅ እንዲሆንለት ጠይቆ ነው፤ የሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ቀድሞ ቁልፉ ይሠራ የነበረውን የጣት ሥርዓትና የምላጭ ክብደት እንዲሠራው ተደረገ።

አሮጌው በዚህ ሁሉ ይሻላል ማለቴ አይደለም። የድሮ ሽጉጦች ብዙዎቹ መርፌውን በውስጥ የሚያግድ ነገር የላቸውም። ኮልት እንዲህ ያለውን መከላከያ በ1911 ሞዴሉ ላይ በሰፊው ማስገባት የጀመረው በ1983 ነው። የማካሮቭ መርፌም በሞላ የተያዘ አይደለም፤ በቤቱ ውስጥ ልቅ ሆኖ ይመላለሳል። ስለዚህ ከአባት የተወረሰ አሮጌ ሽጉጥ፣ ፈቃድ ቢኖረውም፣ ጥይት አጉርሶ ሣጥን ላይ ወይም ትራስ ሥር ማስቀመጥ ልጆች ባሉበት ቤት ውስጥ ትልቅ አደጋ ነው። የሚያምረው ብረትና የተቀረጸው ማስጌጫ ከመውደቅ አያድኑትም። ባዶ ይሁን፣ ይቆለፍ፣ ጥይቱም ለብቻው ይቀመጥ።

አዲሱም ቢሆን ስሕተት አልባ እንዳልሆነ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ያሳያል። በጥር 2017 የአሜሪካ ጦር ቤሬታን ትቶ ሲግ ሳወር የሚያመርተውን ፒ320 የተባለ ባለ ፖሊመር ሽጉጥ መረጠ፤ ውሉ እስከ 580 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ኩባንያው በሲቪሎችና በፖሊሶች እጅ ያለው ሞዴል በተወሰነ አቅጣጫ ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል ከተነገረ በኋላ የክፍል ለውጥ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ሽጉጡ ምላጩ ሳይሳብ ተኩሶ አቁስሎናል ያሉ ሰዎች ክስ መሥርተዋል፤ ኩባንያው ይህ አይሆንም ብሎ ይከራከራል። ልብ በሉ፤ ክርክሩ በብረት ክፍሎች ላይ ነው፣ በፕላስቲኩ ላይ አይደለም።

ሰዎች ፕላስቲኩን የፈሩት በሌላ ምክንያት ነበር። በ1986 ግሎክ ወደ አሜሪካ ሲገባ በዋሽንግተን ጋዜጣ ላይ ሽጉጡ በአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል የሚል ጽሑፍ ወጣ። ድንጋጤው እስከ ምክር ቤት ደረሰ። ስለ ብረቱ የነገርኋችሁን ካሰባችሁ ፍርሃቱ መሠረት እንዳልነበረው ትረዳላችሁ። ቢሆንም በ1988 አንድ ሕግ ወጣ። ማንኛውም ሽጉጥ መፈተሻ መሣሪያ የሚያየው ቢያንስ 105 ግራም ያህል ብረት ይኑረው ይላል። ለግሎክ ምንም አልለወጠም። ነገር ግን ሕግ አውጪዎቹ ሳያውቁት ከ25 ዓመት በኋላ ለሚመጣው ነገር ቀድመው አጥር አጥረው ነበር። በግንቦት 2013 ቴክሳስ ውስጥ ከመርፌው በቀር ሙሉ በሙሉ በፕላስቲክ ማተሚያ የታተመ ባለ አንድ ጥይት ሽጉጥ ተተኮሰ፤ ንድፉም በኢንተርኔት ተለቀቀ።

በ1986ቱ ጫጫታ መካከል ግን ንግዱ ሌላ መንገድ ይሄድ ነበር። በሚያዝያ ወር ማያሚ ውስጥ ሁለት የኤፍቢአይ መርማሪዎች በተኩስ ልውውጥ ተገደሉ። ብዙ የአሜሪካ ፖሊስ ጣቢያዎች ያኔ ባለ ስድስት ጥይት ሪቮልቨር የታጠቁ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ጥይት በብዛት የሚይዝ ሽጉጥ ፈለጉ። ግሎክም አሮጌ መሣሪያቸውን በልዋጭ እየተቀበለ አዲሱን በርካሽ ሰጣቸው። የተሰበሰቡት አሮጌ ሽጉጦች በነጋዴዎች በኩል ለሕዝብ ተሸጡ። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ብረት ዕድሜው ረጅም ነው። ፖሊስ ዘመናዊ በሆነ ቁጥር የጣለው መሣሪያ አይሞትም፤ ባለቤት ይለውጣል። ማካሮቮች ከደርግ ዘመን ወዲህ ምን ያህል እጅ እንደ ዞሩ የምታውቁት እናንተው ናችሁ።

የመጨረሻው ጉዳይ መለያ ቁጥር ነው፤ በእኔ እምነት ከሁሉም የሚከብደው። ሕግ ሽጉጥን የሚያውቀው በቁጥሩ ነው። የሀገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም ፈቃድንና ምዝገባን የሚያቆመው መሣሪያው ከሌላው ተለይቶ ይታወቃል በሚል መሠረት ላይ ነው። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ «ሽጉጥ» ተብሎ የሚቆጠረው የታችኛው አካል ነው። በርሜሉን፣ ተንሸራታቹን፣ ሞላውን እንደ ማንኛውም መለዋወጫ መግዛት ይቻላል፤ ቁጥር የሚቀረጸውና የገዢው ማንነት የሚጣራው በአካሉ ላይ ነው። አካሉ አረብ ብረት በነበረበት ዘመን ይህ ብልህ ምርጫ ነበር። ሊሠራው የሚችል ባለ ሙያና ማሽን ጥቂት ስለ ነበር ቁጥሩ በዚያ በር ላይ ቢቆም ሁሉም ያልፍበታል።

ፖሊመር በሩን ሰፊ አደረገው። አንዳንድ የአሜሪካ ነጋዴዎች ጥቂት ሥራ የቀረው የፖሊመር አካል፣ ቁጥር ሳይቀረጽበት፣ ከቀሩት ክፍሎች ጋር በአንድ ካርቶን መሸጥ ጀመሩ። «ገና ሽጉጥ አይደለም» ነው ክርክራቸው። ብረት ቢሆን የቀረውን ሥራ ለመጨረስ ወርክሾፕ ይጠይቅ ነበር፤ ፖሊመሩን ግን ሙያ የሌለው ሰው በቤቱ በትራፓኖና በሞረድ ይጨርሰዋል። ፖሊስ ከወንጀል ቦታ ቁጥር የሌላቸው ሽጉጦች ማንሣት ሲበዛበት በ2022 የጦር መሣሪያ ጉዳይ የሚመለከተው የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤት እንዲህ ያሉ ጥቅሎች እንደ ሽጉጥ ይቆጠሩ የሚል ደንብ አወጣ። ነጋዴዎቹ ከሰሱ። ጉዳዩ ወደ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በመጋቢት 2025 ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ደንቡ ጸና።

በሀገራችን ድንበር በኮንትሮባንድ ሲገቡ የተያዙ፣ በቱርክ የተሠሩ ሽጉጦችን ዜና በተደጋጋሚ ሰምታችኋል። ያ የተጠናቀቀ ዕቃ ነው፤ ኬላ ላይ ሊያዝ ይችላል። ነገ ግን የሚመጣው ዕቃ ግማሽ የተሠራ ፕላስቲክ፣ ለብቻው የተላከ በርሜልና ለብቻው የተላከ ሞላ ሊሆን ይችላል። የኬላ ፈታሾቻችንና ሕግ አርቃቂዎቻችን ስለ እነዚህ ክፍሎች አሠራር ከዛሬው ማወቅ አለባቸው የምለው ለዚህ ነው።

አንዳንድ አምራቾች ራሳቸው የተለየ መንገድ ይዘዋል። በፒ320 ላይ ቁጥሩ ያለው በፕላስቲኩ ላይ አይደለም። ምላጩንና ረዳቶቹን የያዘች፣ ከውስጥ የምትወጣ አንዲት ትንሽ የብረት ቤት አለች፤ በሕግ ሽጉጡ እርሷ ናት። የፕላስቲኩ መጨበጫ እንደ ልብስ ይለወጣል፣ ይጣላል፣ በሌላ ይተካል። በግሎክ ላይ ደግሞ ቁጥሩ በአካሉ ሆድ ውስጥ በተቀበረች ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ ነው። ይህ ግን የሕጉን ጥያቄ አይጨርሰውም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2025 የወሰነው ሙሉ ጥቅል ሆነው ስለሚሸጡትና ለመጨረስ ጥቂት ሥራ ስለ ቀራቸው አካሎች ነው። ከዚያ ያነሰ የተሠራ የፖሊመር ቁራጭ ስንተኛው ቀዳዳ ሲበሳ ሽጉጥ ተብሎ ቁጥር ሊቀረጽበት እንደሚገባ ግን ለሚቀጥሉት ክሶች ትቶታል።